«ፖርተብል» ተብሎ የሚሸጥ የባክአፕ ሶፍትዌር ከመግዛታችሁ በፊት

ኢንስቶል ሳይደረግ ከፍላሽ ወይም ከውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ በቀጥታ ይሠራል የሚባል የባክአፕ ሶፍትዌር ለመግዛት ያሰባችሁ ሁሉ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ይህን እንድታነቡ በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ ገንዘብ የከፈልሁበት ሶፍትዌር ለሦስት ወራት ያህል አንድም ፋይል ሳይቀዳ «ተጠናቋል» እያለ ሲያሳየኝ የቆየ ሲሆን፣ ይህንን ያወቅሁትም የላፕቶፔ ዲስክ ከተበላሸ በኋላ ነው።

ዊንዶውስ ለሚሰካ ዲስክ የድራይቭ ፊደል የሚሰጠው በጊዜው ካልተያዙት ፊደላት መካከል ስለሆነ፣ አንዱ ኮምፒውተር ላይ «ኢ» የነበረው ዲስክ ሌላው ላይ «ኤፍ» ወይም «ጂ» ሊሆን ይችላል። የተጠቃሚው ፎልደር ስምም ከኮምፒውተር ኮምፒውተር ይለያያል። ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር ሶፍትዌር የፎልደሩን አድራሻ በፓዝ ቫሪያብል (በቋሚ አድራሻ ፋንታ በሚጻፍና ትርጉሙ እንደ ኮምፒውተሩ በሚለወጥ መጠሪያ) መያዝ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው፤ ለምሳሌ በሁለት የፐርሰንት ምልክቶች መካከል «ዩዘርፕሮፋይል» ተብሎ ከተጻፈ፣ ባክአፑ በተጀመረ ቁጥር በዚያ ኮምፒውተር ላይ ያለውን ትክክለኛ ፎልደር ፈልጎ መተካት ይኖርበታል። የሶፍትዌሩ ማስታወቂያም ለፎልደሮቹም ሆነ ለዲስኩ ፊደል ይህንኑ እንደሚያደርግ በግልጽ ይናገር ነበር።

ቫሪያብሎቹን ስጽፍ ሶፍትዌሩ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ተቀበለኝ። ከጉዳቱ በኋላ ግን የሴቲንግ ፋይሉን በኖትፓድ ብከፍተው ከጻፍኋቸው አንዱም የለም፤ በቦታቸው ያገኘሁት ሴቭ ባደረግሁበት ቅጽበት የነበረውን አድራሻ ከነ«ኢ» ፊደሉ ነው። ዲስኩ በኋላ ፊደሉ ወደ «ኤፍ» ተቀይሮ ስለነበር ሶፍትዌሩ በየቀኑ የሌለ ድራይቭ ሲፈልግ ከርሟል። ሶፍትዌሩ የሠራውን በሚመዘግብበት የሎግ ፋይል መጨረሻ ላይ «መድረሻው አልተገኘም፣ ታልፏል» የሚል መስመር ነበረ፤ በዋናው መስኮት ላይ የሚታየው ግን አረንጓዴ ምልክት ብቻ ነበር። ይህን እንደ ቀላል ስሕተት ልቆጥረው አልችልም፤ የባክአፕ ሶፍትዌር ያልቀዳውን ቀድቻለሁ ካለ ከነጭራሹ ባይኖር ይሻላል።

ሻጩን ስጠይቅ ቫሪያብል በአግባቡ የሚሠራው ዋጋው ከፍ ባለው የፈቃድ ዓይነት ላይ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ፤ በምርቱ መግለጫ ላይ ግን ይህ አልተጻፈም። የፈቃድ ቁልፉን አንዴ ስለተጠቀምሁበትም ገንዘቤን ለመመለስ ፈቃደኛ አልሆነም።

ስለዚህ በሙከራ ጊዜው ውስጥ በዊንዶውስ ዲስክ ማኔጅመንት የዲስካችሁን ፊደል ሆን ብላችሁ ቀይሩና ባክአፑን እንደገና አስጀምሩት፤ ከዚያም ምልክቱን ሳይሆን ሎጉን አንብቡ። ሶፍትዌሩ በተወሰነ ሰዓት በራሱ እንዲጀምር ካደረጋችሁት በየትኛው ተጠቃሚ ስም እንደሚሠራ አረጋግጡ፤ ዊንዶውስ ራሱ በሚጠቀምበት የሲስተም አካውንት የሚሠራ ከሆነ «ዩዘርፕሮፋይል» የእናንተን ፎልደር ሳይሆን በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ያለውን የሲስተሙን ፕሮፋይል ያመለክታል።

ቫሪያብል በትክክል ሲሠራም አንድ አደጋ አለ። ሚረር የሚባለው አሠራር መድረሻውን ከምንጩ ጋር አንድ ስለሚያደርግ፣ ፍላሹን በሰው ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ባክአፑን ብታስጀምሩት ቫሪያብሉ የዚያን ሰው ፎልደር ያነብና የእናንተን ቅጂ አጥፍቶ የእርሱን ይተካበታል።

ገንዘብ ማውጣት ለማትፈልጉ፣ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ የሚመጣው ሮቦኮፒ የተባለ የፋይል መቅጃ ትእዛዝ በባች ፋይል (ትእዛዞች ተጽፈውበት በተከታታይ የሚፈጸሙበት የጽሑፍ ፋይል) ውስጥ ሆኖ ይህንኑ ሥራ ያለ ክፍያ ይሠራል። የፐርሰንት ምልክት፣ ቲልዳ፣ «ዲ» እና ዜሮ ተከታትለው ሲጻፉ ባች ፋይሉ ራሱ ያለበትን ድራይቭ ስለሚያመለክቱ፣ የዲስኩ ፊደል ቢቀየርም ችግር አይፈጥርም። እኔም አሁን የምጠቀመው ይህንኑ ሲሆን፣ ከተቀዱት ፋይሎች ሁለት ሦስቱን ከፍቼ ሳላይ ዲስኩን አልነቅልም።