ጨዋታ መሃል የሚጠፋው ኮምፒውተሬና የቱሉ ዲምቱው ጠጋኝ

ጂቲኤክስ 1060 የሚባል የግራፊክስ ካርድ ያለው ዴስክቶፔ አርጅቷል። ሁለት ወር ሙሉ ጌም ስከፍት ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ድርግም ይል ነበር። ሰማያዊ ስክሪን እንኳን አያሳይም። መጀመሪያ የወሰድኩበት ቤት ሳይፈታው «ካርዱ ሞቷል፣ ቀይረው» አለኝ። ልቤ አልተቀበለውም።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ወዳለች ጠባብ ሱቅ ይዤው ሄድኩ። ልጁ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ወንድሜ፣ ቪዲዮ ስታይስ ይጠፋል?» ብሎ ነው። አይጠፋም። ሚሞሪዎቹን አንድ በአንድ እየነቀለ ሜምቴስት በሚባለው የሚሞሪ መፈተሻ ፕሮግራም ፈተሸ፤ ደህና ናቸው። ሙቀት የሚያስተላልፈውን የደረቀ የፕሮሰሰር ፔስት ቀየረ። ሙቀቱ ወረደ፣ መጥፋቱ ግን አልቀረም። ከዚያ ካርዱን በሙሉ አቅሙ እያሠራ ባለ 12 ቮልቱን መስመር በመልቲሜትር ለካ። ከ11.4 በታች መውረድ የለበትም። 11.1 ሲደርስ ዓይኔ እያየ ጠፋ። ለካስ ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ነው! መብራት እንዲህ በሚዋዥቅበት ሰፈር መድከሙ አይገርመኝም።

ቀየረልኝ፤ አሮጌውንም መለሰልኝ። ያስከፈለኝ የዕቃውንና የእጁን ብቻ ነው። ወረፋው ሦስት ቀን ያስጠብቃል፣ ደረሰኝም ካልጠየቃችሁ አይሰጣችሁም። ቢሆንም ሳይለካ የማይፈርድ ባለሙያ በማግኘቴ በጣም ደስ ብሎኛል። ትናንት ማታ ከታናሽ ወንድሜ ጋር አራት ሰዓት ሙሉ ተጫወትን፤ አንዴም አልጠፋም።