ደብረ ብርሃን ላይ የሞከርኩት «የውጭ ትምህርት» ቢሮ፦ ከ5 ኮከብ 2

የቢሮውን ስም አልጠራም። ልክ እንደኔ ጋቢውን ደርቦ፣ ትራንስክሪፕቱን በፌስታል ይዞ ለሚሄድ ልጅ ግን ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር። የገባሁት ጥቅምት ላይ ነው፣ ጠዋት 3 ሰዓት ሆኖ እንኳ ውርጩ አልለቀቀም ነበር። ጸሐፊዋ ገና ሳልቀመጥ ሻይ አዘዘችልኝ። ሰነድ ላይም ጎበዞች ናቸው። ትራንስክሪፕቴን፣ ዲግሪዬን፣ ፓስፖርቴን አጥርተው ስካን አድርገው፣ ለእያንዳንዱ ፋይል ስም ሰጥተው በፍላሽ አስረከቡኝ። አንዱ ኮከብ ለሻዩ፣ አንዱ ለስካኑ ነው።

ሌላው እንዳለ ችግር ነው። ግድግዳው ላይ በላስቲክ የታሸገ ሰንጠረዥ አለ፦ «ማስተርስ 2 ዓመት፣ ፒኤችዲ 4 ዓመት»። የየትኛው አገር? የሁሉም! እኔም የኛን አካሄድ ብቻ ስለማውቅ፣ ዲግሪ፣ ከዚያ 2 ዓመት ማስተርስ፣ ከዚያ ፒኤችዲ፣ ዓለም ሁሉ እንደዚያ የሚሄድ መስሎኝ 12 ሺህ ብር ቆጥሬ ሰጠሁ።

ዲግሪዬ ኬሚስትሪ ነው። አማካሪውን «አሜሪካ ፒኤችዲ ነው የምፈልገው» ስለው ሳቀብኝ። «ወንድሜ፣ መጀመሪያ ማስተርስ ያዝ» አለኝ። ለጀርመን ቢሆን ልክ ነበር፣ እዚያ በአብዛኛው ያለ ማስተርስ ፒኤችዲ አይገባም። አሜሪካ ግን ሳይንስ ላይ ከመጀመሪያ ዲግሪ ቀጥታ ፒኤችዲ ይገባል። ብዙ ጊዜ 5 ወይም 6 ዓመት ይፈጃል፣ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኮርስና ከባድ የማጣሪያ ፈተና አለባቸው። በምላሹ ክፍያውን ትምህርት ክፍሉ ይችላል፣ ላብራቶሪ እያስተማርክ የወር ኪስ ገንዘብም ታገኛለህ። መሃል ላይ ቢያንገሸግሽህ ብዙ ቦታ ማስተርስ ይዘህ መውጣት ትችላለህ። ይህን ያወቅኩት ከቢሮው አይደለም፣ ማታ ማታ የዩኒቨርሲቲዎቹን ድረ ገጽ ሳነብ ነው።

እነሱ የገፋፉኝ ወደ እንግሊዝ ነበር፣ 1 ዓመት ማስተርስ፣ በራስ ወጪ። «ቶሎ ያልቃል» አለኝ። አዎ ያልቃል፣ ከአባቴ በሬዎች ጋር! ኋላ ላይ ነው የገባኝ፣ ብዙ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ከፋይ ተማሪ ላመጣ ኤጀንት ኮሚሽን ይሰጣሉ። የአሜሪካ ፒኤችዲ ለኤጀንት ምን ይተርፈዋል?

በጣም ያናደደኝ ግን ደብዳቤው ነው። በስሜ አንድ የማመልከቻ ደብዳቤ ጽፈው ለሁሉም ላኩት። ጀርመን ላለ ፕሮፌሰር የሄደው «ለተከበረው የቅበላ ኮሚቴ» ብሎ ይጀምራል። ጀርመን ውስጥ እኮ ፒኤችዲ ብዙ ጊዜ ሥራ ነው። ፕሮፌሰሩ ራሱ ይመርጥሃል፣ ውል ትፈርማለህ፣ ደመወዝ ይከፈልሃል፣ ብዙ ጊዜ የሙሉ ሰዓት ደመወዙ ግማሽ ወይም 65 በመቶ ነው፣ ክፍል ገብቶ መማር እምብዛም የለም። ስለዚህ ሰውዬው ማወቅ የሚፈልገው እሱ ላብራቶሪ ውስጥ ምን እንደምትሠራ ነው። አሜሪካ ደግሞ ኮሚቴ ነው የሚቀበልህ፣ ብዙ የኬሚስትሪ ክፍሎች ውስጥ አድቫይዘርህን፣ ማለትም ምርምርህን የሚመራልህን ፕሮፌሰር፣ የምትመርጠው ከገባህ በኋላ ነው። ፕሮፌሰሩ መልስ አልሰጠኝም፣ አልፈርድበትም።

«የጀርመን ማስተርስ ነፃ ነው» የሚሉትም ግማሽ እውነት ነው። ብዙዎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፣ ባደን ቩርተምበርግ የሚባለው የጀርመን ክፍለ ግዛት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣን ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። በዚያ ላይ ለቪዛ የዓመት መኖሪያ ገንዘብ ዝግ አካውንት (በየወሩ እየተቆነጠረ ብቻ የሚለቀቅ) ውስጥ ማሳየት አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ መጠኑ 11,904 ዩሮ ነበር። ይህን የነገሩኝ ብሩን ከተቀበሉ በኋላ ነው።

የጊዜውን ነገርማ ተዉት። ብዙዎቹ የአሜሪካ ፕሮግራሞች ኅዳር መጨረሻና ታኅሣሥ ላይ ይዘጋሉ። አማካሪው «እስከ የካቲት ተረጋጋ» አለኝ፣ እኔም ተረጋጋሁ። አንድ ዓመት በላኝ።

ብሬን ስጠይቅ «ፕሮሰስ ተጀምሯል» ተባልኩ። ግማሹን እንኳ አልመለሱም።

ለስካን ከሆነ ሂዱ፣ ዋጋውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ለምክር ከሆነ ግን ከመክፈላችሁ በፊት «አሜሪካ ለፒኤችዲ ማስተርስ ግዴታ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጣቱን ወደ ሰንጠረዡ ከቀሰረ ሻያችሁን ጨርሳችሁ ውጡ።