የካርድ ጣሪያ ማስጨመር ወይስ አዲስ ካርድ ማውጣት?

አሜሪካ ውስጥ የክሬዲት ካርድዎ የብድር ጣሪያ ሲያንስዎት ሁለት መንገድ አለ፤ ባንኩን ጭማሪ መጠየቅ ወይም ሌላ ካርድ ማውጣት። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ጣሪያው 2,000 ዶላር፣ ዕዳው 900 ዶላር ከሆነ 45 በመቶውን ተጠቅመዋል። ጣሪያው 4,000 ሲሆን ያው ዕዳ 22.5 በመቶ ብቻ ይሆናል። አበዳሪዎች የብድር ከፋይነትዎን በነጥብ በሚለኩበት በፋይኮ (FICO) ስሌት የዕዳ መጠን 30 በመቶ ያህል ክብደት ስላለው ነጥብዎ ሊጨምር ይችላል። ጥያቄው ብዙ ጊዜ በባንኩ መተግበሪያ ላይ ዓመታዊ ገቢንና የቤት ኪራይን ሞልቶ በመላክ ያልቃል፤ ደመወዝዎ ካደገ በኋላ ቢጠይቁ ይሻላል። ግን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ የብድር ታሪክዎን የሚያዩት ነጥብ በሚቀንሰው ምርመራ ነው ወይስ በማይቀንሰው? ይህን ሳያውቁ እሺ አይበሉ። ከከለከሉዎትም ምክንያቱን በጽሑፍ የማግኘት መብት አለዎት።

አዲስ ካርድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ነጥብ የሚነካውን ምርመራ ያስከትላል፤ እሱም መዝገብዎ ላይ 2 ዓመት ይቆያል። የሂሳቦችዎን አማካይ ዕድሜም ያሳጥራል፤ አገሩ ውስጥ ብዙ ላልቆየ ሰው ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ጥቅሙ፣ አንዳንዱ ካርድ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ወለድ አያስከፍልም። ለቤት መግዣ ብድር ሊያመለክቱ ከተዘጋጁ ግን አዲስ ካርዱን ከዚያ በኋላ ያውጡት።