ኳሷን ከባህር ዛፉ በላይ ላሻገሩልኝ ጋሼ

ይህን የምጽፈው ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ለምትኖሩ፣ የጎልፍ ዱላ ከቁም ሳጥን ጀርባ ተቀምጦ አቧራ ለሚጠጣባችሁ ሰዎች ነው። ብዙ እንዳልሆናችሁ አውቃለሁ። ግን አላችሁ። ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ይዞት ይመጣል፣ ሲመለስ ሻንጣ ከበደኝ ብሎ ትቶት ይሄዳል። የእኔም ከወንድሜ የተረፈ ነው። እናም አንድ ሰው ልጠቁማችሁ፣ በዚያውም በአደባባይ ላመስግናቸው።

ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለነገሩኝ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ ጎልፍ ሜዳ ላይ ካዲ ሆነው ነው ያሳለፉት። ካዲ ቦርሳ ተሸካሚ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ንፋሱን አይቶ፣ ርቀቱን ገምቶ "ይህን ውሰድ፣ ያንን ተወው" የሚል ሰው ነው። አሁን አገራቸው ገብተው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የግጦሽ መስክ ላይ ያስተምራሉ። የጎልፍ ሜዳ ጠብቃችሁ እንዳትሄዱ። ጉድጓድም ባንዲራም የለም። ሳር አለ፣ የድንጋይ ካብ አለ፣ በግ አለ፣ በአንድ በኩል ደግሞ የባህር ዛፍ ረድፍ አለ።

እኔን ሲያንገበግበኝ የከረመው ያ ረድፍ ነው። ኳሷ ወይ ግንዱን ትመታለች፣ ወይ ካቡ ላይ ነጥራ ወደ እግሬ ትመለሳለች። ዩቲዩብ ላይ ያላየሁት ቪዲዮ የለም። አንዱ "የእጅህን አንጓ አላላ" ይላል፣ ሌላው "አጥብቅ" ይላል።

ጋሼ መጀመሪያ ምታ እንኳን አላሉኝም። ሳንድ ዌጁን፣ ኳስ የሚመታበት ፊቱ በጣም ያጋደለውን ዱላ፣ ከቦርሳው መዘዙና ፊቱን ወደ ሰማይ አድርገው ሳሩ ላይ አጋደሙት፣ እጀታው ወደ ዛፉ ዞሮ። ከዚያ የዱላውን ፊት በጫማቸው ረገጥ አደረጉት። እጀታው ቀስ ብሎ ከመሬት ተነሳ። "ዘንጉ ወዴት ነው የሚያመለክተው?" አሉኝ። ከዛፎቹ ጫፍ በላይ ነበር። ቀጥለው ሰባት ቁጥሩን፣ ፊቱ ያን ያህል ያላጋደለውን ዱላ፣ ረገጡት። የዛፉን ወገብ አመለከተ። "ይሄኛው ዛፍ ይቆርጥልሃል እንጂ አያሻግርህም" ብለው ወደ ቦርሳው መለሱት።

ነገሩ በቁጥር ሲታይም ይኸው ነው። የሰባት ቁጥር አይረን ፊት ያጋደለው 30 ዲግሪን ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ሳንድ ዌጅ 56 አካባቢ፣ ሎብ ዌጅ ደግሞ 60 አካባቢ ይደርሳል። ኳሷን ወደ ላይ የሚልካት ይህ ማጋደል ነው። ግን የመርገጡን ዘዴ ሙሉ በሙሉ እንዳታምኑት። ኳሷ ሁልጊዜ ዘንጉ ካሳየው ዝቅ ብላ ነው የምትነሳው። ዘንጉ የዛፉን ጫፍ ለጥቂት ካለፈ ጋሼ "አይበቃም" ይላሉ፤ ይበልጥ ያጋደለ ዱላ ያስወስዱሃል።

ከዚያ ወደ አመታቱ መጣን። ጀማሪ ሁሉ እንቅፋት ፊቱ ሲያይ ኳሷን በራሱ ጉልበት ሊያነሳት ይፈልጋል። ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ እጁን ወደ ላይ ይስባል። ዱላው ወይ ከኳሷ ኋላ መሬቱን ይቆፍራል፣ ወይ አናቷን ይመታትና እንደ ጥይት ካቡ ውስጥ ትቀረቀራለች። ጋሼ የሚሉት በተቃራኒው ነው፦ ኳሷን ወደ ፊተኛው፣ ወደ ዒላማው ወደሚቀርበው እግርህ ትንሽ አስጠጋት፣ ክብደትህን እዚያው እግር ላይ ጣል፣ ዱላውን ወደ ታች ልቀቀው፣ ማንሳቱን ለዱላው ተውለት። ሰፌድ ከእንጀራ ስር እንደሚገባ ከኳሷ ስር ይግባ። ይህችን ስሰማ ነው ነገሩ የበራልኝ።

በጣም ከፍ ማድረግ ሲያስፈልግ ደግሞ የዱላውን ፊት ወደ ሰማይ መክፈት አለ። እዚህ ላይ ጋሼ ቀልድ አያውቁም። መጀመሪያ ክፈት፣ ከዚያ ጨብጥ። ከጨበጡ በኋላ በእጅ ማዞር ዋጋ የለውም፤ ስትመታ ተመልሶ ይዘጋል። ሲከፈት ፊቱ ወደ ቀኝ ስለሚያይ፣ ቀኝ እጅ ተጫዋች እግሩንና ትከሻውን ወደ ግራ ያዞራል። ከዚያ ሳይሰስቱ እስከ መጨረሻው መወዝወዝ ነው። ጉልበቱ አብዛኛው ወደ ላይ ስለሚሄድ ለአጭር ርቀትም ረዥም ውዝወዛ ይጠይቃል። የገና ዱላ ይዞ ያደገ ልጅ ደግሞ ዝቅ አድርጎ፣ መሬት ለመሬት መምታት ነው የለመደው። አንድ ጊዜ እንዲህ የመታኋት ኳስ የጋሼን ቁርጭምጭሚት አገኘችው። ልቤ ቆመ። እሳቸው ግን እግራቸውን እያሻሹ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ብለው ሳቁ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ከኳሷ ስር ሳር ካለ ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ መስኩ ለምለም ሲሆን ዱላው እንደ ልቡ ይገባል። በበጋ ግን በጎቹ ሳሩን ግጠው መሬቱ አፈር ብቻ ሲቀር፣ የተከፈተ ዱላ መሬቱ ላይ ይነጥርና ኳሷን በስለቱ ይመታታል። ያኔ ጋሼ ፊቱን መክፈት ይከለክላሉ። ካልሆነም ወደ ጎን፣ ወደ ክፍቱ ቦታ አውጣት ይላሉ። ደንቡም መውጫ አለው፤ ኳሷ አትመታም ብለህ ካወጅህ አንድ ምት ተቀጥተህ በሁለት ዱላ ርዝመት ውስጥ፣ ወደ ጉድጓዱ ሳትጠጋ፣ ትጥላታለህ።

ስለዚህ ጉዳይ የሚወዱት ታሪክ አለ። በ1993 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ፣ ክራን ላይ፣ ስፔናዊው የጎልፍ ተጫዋች ሴቬ ባሌስቴሮስ በመጨረሻው ጉድጓድ ኳሱ ከግንብ አጠገብ፣ ከዛፎች ስር ገባችበት። ካዲው ወደ ጎን አውጣት ብሎ ለመነው። ሴቬ እምቢ አለ፤ በዌጅ ግንቡንም ዛፎቹንም አሻገራት። ግሪኑ፣ ማለትም ጉድጓዱ ያለበት አጭር ሳር፣ ጫፍ ላይ ወደቀች፣ ከዚያም በአንድ ምት ጉድጓድ ከተታት። ዓለም ሁሉ ያጨበጨበለት ምት ነው። ጋሼ ግን ለካዲው ያደላሉ። "ሴቬ ውድድሩን በአንድ ምት ተበልጧል እኮ" ይላሉ። እኔ ለሴቬ ነኝ፤ በዚህ አንስማማም።

ሌላው ያስደነቀኝ ነገር አየሩን ማወቃቸው ነው። ወንድሜ በየዱላው ዘንግ ላይ ርቀት የጻፈባት ትንሽ ወረቀት ለጥፎ ነበር። ጋሼ አንድ በአንድ ልጠው ጣሏቸው። ወንድሜ የሚኖረው ቆላ ቢባል በሚያምርበት፣ ከባህር ጠለል ብዙም በማይርቅ ከተማ ነው። ደብረ ብርሃን ግን 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሷን የሚይዛት ነገር ይቀንሳል፣ ርቃ ትሄዳለች። ግን ወደ ኋላ እየተሽከረከረች ከፍ እንድትል የሚደግፋትም ያው አየር ነው። ስለዚህ እኛ ጋ ትርቃለች እንጂ ያን ያህል አትወጣም። ዛፍ ፊት ስትቆም የሚያስፈልግህ ደግሞ መውጣቷ ነው።

እንከን የላቸውም አልልም። ስልክ አያነሱም። ወሬ ይወዳሉ፤ ስለ ድሮ ደንበኞቻቸው ከጀመሩ ሰዓቱ ያልቃል። እረኞቹ በጎቹን ከመስኩ ካላራቁ ደግሞ አንድ ኳስ አያስመቱም። ይህን ግን እንከን ማለት ይከብደኛል። የጠፋ ኳስ ለሚያመጡ ልጆችም ከራሳቸው ኪስ ይሰጣሉ። ዱላ አይሸጡም፣ ግዛ ብለውም አይወተውቱም። የተበላውን የእጀታዬን ላስቲክ ራሳቸው ቀይረውልኛል፤ የወሰዱትም የላስቲኩን ዋጋ ብቻ ነው።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜ ከጤና ጋር።

የምትፈልጓቸው ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ አስጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ክፍያውን ከእሳቸው ጋር ተነጋገሩ፤ ለተማሪ ይቀንሳሉ። ጠዋት ሂዱ፤ ረፋድ ላይ ንፋሱ ከተነሳ ከፍ ያለች ኳስ ወዴት እንደምትወርድ አይታወቅም። ጃኬት አትርሱ። ዱላ ባይኖራችሁም የእሳቸው አሮጌ ዌጅ አለ፣ ያውሷችኋል።