ሞተሩ ሞቆ ከጠበቃችሁ አትግዙ

ያገለገለ ስፖርት ሞተር ሳይክል፣ በተለይ የሞተሩ መጠን ሺህ ሲሲ የሆነውን ትልቁን፣ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔ ተሸውጃለሁ። ገንዘቡ ይቅር፣ ልሞትበት ነበር።

ሻጩ በቀጠረኝ ሰዓት ስደርስ ሞተሩ ተነስቶ እየሠራ ነው። ፕላስቲኩ ያብለጨልጫል፣ አንድ ጭረት የለውም። «እንዳትጉላላ ብዬ አሙቄ ጠበቅኩህ ወንድሜ» አለኝ። እኔም ደግነት መሰለኝ። ለካስ ብዙው የሞተር በሽታ የሚታወቀው ሲቀዘቅዝ ነው። ጠዋት መጀመሪያ ሲነሳ የሚንኳኳው፣ የሚያጨሰው፣ አልነሳም ብሎ የሚያስቸግረው ሁሉ ከሞቀ በኋላ ድምፁ ይጠፋል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ «እኔ ሳልደርስ እንዳታስነሳው» በሉ። ስትደርሱ መዳፋችሁን ወደ ሞተሩ ጎን ጠጋ አድርጉ። ከሞቀ ሌላ ቀን እመጣለሁ ብላችሁ ውጡ፤ ካኮረፈ ያኩርፍ።

ሁለተኛው ነገር ፕላስቲኩ ነው። ዓመታት ያገለገለ ሞተር ልብሱ ብቻ አዲስ ከሆነ፣ አሮጌው የት ሄደ ብላችሁ ጠይቁ። ፕላስቲክ በቀላሉ ይቀየራል። ሞተር ሲወድቅ መሬት የሚነኩት ሌሎች ናቸው፦ የመሪው ጫፎች፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን መያዣዎች ጫፍ፣ የእግር መርገጫው፣ የሞተሩ የጎን ክዳን፣ ማርሚታው። እነዚህን በጣታችሁ ዳብሱ። የኔው የፍሪሲዮን መያዣ ቀለሙ ለቆ ነጣ ብሏል፣ የፍሬኑ ግን ከካርቶን የወጣ ይመስላል። ሁለቱ አብረው ማርጀት ነበረባቸው። አይቼዋለሁ እኮ! አይቼ ዝም አልኩ፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

በገዛሁ በሦስተኛው ቀን ቀጥ ባለ መንገድ ላይ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄድኩ ነዳጁን ለቀቅ ሳደርግ መሪው እጄ ውስጥ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ በትንሹ፣ ከዚያ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ ክርኔ ድረስ እያናወጠኝ። ፍሬን አልነካሁም፣ ፍጥነቱ ቀስ በቀስ ሲወርድ ቆመ። ወርጄ መንገድ ዳር ስቀመጥ ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ።

መካኒኩ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ምንም ሳይፈቱ መሪውን ጥግ ድረስ አዙረው፣ በባትሪ አጎንብሰው አንገቱን አዩ። እዚያ ጋ መሪው ከልክ በላይ እንዳይዞር የሚያግድ ትንሽ የሻሲ ጉብታ አለ። የኔው በቀኝ በኩል ተጨፍልቆ በላዩ ቀለም ተቀብቷል፤ ቀለሙም እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ተሰንጥቋል። «ልጄ፣ ይሄ በአፍጢሙ ተደፍቶ የተነሳ ነው» አሉኝ። ሲፈታ የፊት ሾኩ ጎብጧል፣ የአንገቱ ኩሽኔታ ተበልቷል፣ ሻሲውም ተጣሟል። የእነዚህ ሞተሮች ሻሲ በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው፤ እንደ ተራ ብረት ቀጥቅጦ መመለስ አይቻልም። እና እናንተም ባትሪ ይዛችሁ ሂዱ፣ ያንን ቦታ ሳታዩ አትመለሱ።

ጎማውንም ጥርሱን ብቻ አይታችሁ አትመኑ። ጎኑ ላይ አራት አሃዝ ታትሟል፤ 2317 ካለ በፈረንጆች 2017 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። የኔው ጥርሱ ሙሉ ነበር፣ ግን አርጅቶ እንደ እንጨት ደርቋል፣ መንገድ አይዝም። በፍሬኑና በዘይት መዝጊያው ብሎኖች ላይ በመሰርሰሪያ የተበሱ ትንንሽ ቀዳዳዎች ካያችሁ ደግሞ ሞተሩ ውድድር ሜዳ ገብቶ ሊሆን ይችላል፣ ሽቦ የሚታሰርባቸው ናቸው። ይሄ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ግን ሻጩ «ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ነው የነዳሁት» ካለ ቶሎ አትመኑት። 17 ቁምፊ ያለውን የሻሲ ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ፤ የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ ከመሰላችሁ ወዲያው ተዉት።

ሌላው ያታለለኝ ንግግር «አንተ ቀስ ብለህ ከነዳኸው እሱም ቀስ ይላል» የሚለው ነው። አይልም። የዛሬዎቹ ሺህ ሲሲዎች 200 ኪሎ ገደማ ክብደት ይዘው ወደ 200 የፈረስ ጉልበት ይጠጋሉ፣ በአንደኛ ማርሽ ብቻ በሰዓት ከ120 ኪሎ ሜትር ያልፋሉ። ጉድጓድ ሲያነጥራችሁ የእጃችሁ አንጓ ትንሽ ከዞረ የፊት ጎማው ሊነሳ ይችላል። አሮጌዎቹ ደግሞ የሚረዳችሁ ኮምፒውተር እንኳ የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የመጀመሪያው ያማሃ አር ዋን 150 የፈረስ ጉልበት ይዞ ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስ አልነበረውም፤ በድንጋጤ ፍሬን ጨምቃችሁ ስትይዙ ጎማው ይቆለፋል፣ እናንተ ትወድቃላችሁ። ስፖርት ሞተር ነድታችሁ የማታውቁ ከሆነ በትንሹ ጀምሩ። ይህን የምለው እንዳትነዱ ሳይሆን ነድታችሁ እንድትመለሱ ነው።

ሻጩ አሁን ስልኬን አያነሳም። ሞተሩን እንዳለ ሊገዛኝ የመጣ ሰው ነበር፣ ፕላስቲኩን አይቶ ዓይኑ በርቶ። መሪውን አዙሬ ቀለሙ የተሰነጠቀበትን ቦታ አሳየሁት። ሳይገዛ ሄደ። ሞተሩንና ማርሽ ቤቱን በመለዋወጫነት ለብቻ እሸጣለሁ፣ ሻሲውን ግን ለሁለት አስቆርጬዋለሁ።