ኮልቺሲን ወይስ ካናኪኑማብ? ከሃርት አታክ በኋላ ለሚቀረው ብግነት

ከሃርት አታክ በኋላ ነጭ የደም ሴሎች የሞተውን የልብ ጡንቻ ሊጠርጉ ይጎርፋሉ፤ ይህ የሰውነት መቆጣት ብግነት ይባላል። ደግ ነው። ጣጣው ብግነቱ አልበርድ ሲል ነው።

ካናኪኑማብ፦ በ3 ወር አንዴ ከቆዳ ሥር የሚወጋ መርፌ። በ2017 የወጣው የካንቶስ ጥናት ኮሌስትሮልን ሳይነካ ዳግም የልብ አደጋን እንደሚቀንስ አሳየ። ግን ገዳይ ኢንፌክሽን አብዝቷል፤ ዋጋውም አይቀመስም። ለልብ ሕክምናም ሳይፈቀድ ቀረ።

ኮልቺሲን፦ የድሮ የሪህ መድኃኒት። በቀን 0.5 ሚሊግራም፣ አንዲት ክኒን። ርካሽ ነው፤ ሆድ ግን ሊያላላ ይችላል። የ2019ኙ የኮልኮት ጥናት ተስፋ ሰጠ፤ በ2024 የወጣ ትልቅ ጥናት ደግሞ ጥቅም አላገኘበትም። ስለዚህ «ተአምር» የሚሉትን አልሰማም።

ክኒን መዋጥ ለማይከብደው፣ ኩላሊቱና ጉበቱም ደህና ለሆነ፣ ከሐኪም ጋር የሚያነጋግረው ኮልቺሲን ነው። ኩላሊቱ ክፉኛ ለደከመ ወይም ክላሪትሮማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ለሚወስድ ግን መርዝ ሊሆን ይችላል። ካናኪኑማብ ለብርቅዬ የብግነት ሕመሞች ይቆይ።