«ዓባይ በረሃ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ» የሚለውን ፓኬጅ ከመክፈላችሁ በፊት

በቴሌግራምና በፌስቡክ እየተዘዋወረ ያለ ማስታወቂያ አለ። «ደብረ ሊባኖስ፣ የፖርቱጋል ድልድይ፣ ዓባይ በረሃ፤ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ! ትራንስፖርት፣ ምሳ፣ መግቢያና አስጎብኚ ተካቷል» ይላል። ዋጋው ደህና ነው፣ ፎቶዎቹም ያጓጓሉ። እኔ የምኖረው ፍቼ ነው። እንደዚህ ተብለው የመጡ እንግዶች ተናደው ሲመለሱ አይቻለሁ። በቅርቡ ደግሞ የገዛ አክስቴ ከእድርተኞቿ ጋር ከፍላ ከአዲስ አበባ መጣች። እኔም ደብረ ሊባኖስ ላይ ተቀላቅያቸው ነገሩን በዓይኔ አየሁት። ሌላ ሰው እንዳይታለል ብዬ ነው የምጽፈው።

ዋናውን ነገር ልናገር። ዓባይ በረሃ ብለው ይሸጡላችኋል እንጂ አይወስዷችሁም።

ከደብረ ሊባኖስ ብዙም ሳይርቅ ገደል አፋፍ ላይ ያቆሟችሁና «ይኸው!» ይላሉ። ገደሉ እውነትም ያስደነግጣል፤ ለማያውቀው ሰው ዓባይ አይደለም ብሎ የሚጠረጥርበት ምክንያት የለም። አክስቴ ግን የፍቼ ልጅ ናት። አስጎብኚው ልጅ «እማማ፣ እዚያ ታች የሚያዩት ዓባይ ነው» ሲላት ነጠላዋን አጣፍታ ወደ አፋፉ ጠጋ አለች። ጎንበስ ብላ አየች።

«የኔ ልጅ፣ ይሄማ የዜጋ ወደም ወንዝ ነው። ዓባይን ለማየት ገና ጎሐ ጽዮን መድረስ አለብን እኮ» አለችው።

«ያው ነው እማማ፣ ውሃው መጨረሻ ላይ ዓባይ ነው የሚገባው።»

መግባቱንስ ይገባል። ዜጋ ወደም ጀማ ወንዝ ይገባል፣ ጀማ ደግሞ ዓባይ ይገባል። ሰዎቹ የከፈሉት ግን ዓባይ በረሃን ሊያዩ ነው። መኪናው ከዚያ አላለፈም፤ ምሳ ተበልቶ ወደ አዲስ አበባ ዞረ።

እስቲ መንገዱን አብረን እናስላው። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ሊባኖስ መገንጠያ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፍቼ 112 አካባቢ፣ ጎሐ ጽዮን ደግሞ 185 አካባቢ ነው። በረሃው የሚጀምረው ከጎሐ ጽዮን በኋላ ነው። ከዚያ ጠመዝማዛውን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ ነው የዓባይ ድልድይ ጋ የምትደርሱት። ጥልቀቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ ደጋው ላይ የለበሳችሁትን ጃኬት ታች ስትደርሱ አውልቃችሁ ትይዙታላችሁ። ሁሉም ሲደመር ደርሶ መልሱ ከ400 ኪሎ ሜትር ያልፋል። የሱሉልታን መጨናነቅ ጨምሩበት። ቁልቁለቱ ላይ ከከባድ መኪና ኋላ መጎተትም አለ። መሬቱ ስለሚንሸራተት የተሰነጣጠቀ አስፋልትም ይጠብቃችኋል። በዚህ ላይ ገዳሙ፣ ወደ ፖርቱጋል ድልድይ የሚደረገው የእግር መንገድና ምሳ አለ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ለተነሳ ሰው እንኳ ጥድፊያ ነው። የአክስቴ መኪና የተነሳው 2 ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። ማስታወቂያውን የጻፈው ሰው ይህን ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም።

ፎቶውንም አትመኑት። የፖርቱጋል ድልድይ ጋ የሚታየው ነጭ ፏፏቴ የጉር ወንዝ ነው። ክረምቱን፣ እስከ መስከረምና ጥቅምት ድረስ ሲወርድ በእውነት ያምራል። በበጋ ግን ወንዙ ይከሳል፤ ከድልድዩ ሥር የምታዩት በአብዛኛው ጥቁር ድንጋይ ነው። የካቲት ላይ የመስከረም ፎቶ ለጥፎ መሸጥ ማታለል ነው፣ ሌላ ስም የለውም። «ፎቶው መቼ ነው የተነሳው?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ።

ሌላ ያናደደኝ ነገር አለ። በዋጋ ዝርዝሩ ላይ «የብሔራዊ ፓርክ መግቢያ» የሚል ሂሳብ ተይዟል። ደብረ ሊባኖስም ሆነ ጎሐ ጽዮን በኩል ያለው ዓባይ በረሃ ብሔራዊ ፓርክ አይደለም። የሌለ ፓርክ መግቢያ ተከፈለ ማለት ነው! «ተካቷል» የተባለው የአካባቢው አስጎብኚ ክፍያ ደግሞ እዚያ ሲደርሱ እንደገና ከእያንዳንዱ ሰው ተሰበሰበ። ኮስተር ተብሎ ዶልፊን መምጣቱን፣ ምሳው ቀዝቃዛ ሽሮ መሆኑን ብዙ አላወራበትም።

«ዓባይ ድልድይ ላይ የፎቶ ፕሮግራም» የሚል ካያችሁም ተጠንቀቁ። ድልድዩ በጥበቃ ሥር ያለ ነው። እንደልብ ቆሞ ፎቶ የሚነሱበት ቦታ አይደለም።

ታሪኩንም አበላሽተው ነው የሚያወሩት፤ ይህ እኔን እንደ አገሩ ልጅ ያመኛል። አስጎብኚው ልጅ የፖርቱጋል ድልድይን ፖርቱጋሎች በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሠሩት ብሎ ተናገረ። ስሙ ነው እንጂ የፖርቱጋል፣ ያሠሩት ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ናቸው፤ የአፄ ምኒልክ አጎት፣ ፍቼን መቀመጫቸው አድርገው ሰላሌን ያስተዳደሩት። ገዳሙ ውስጥ ደግሞ በሩጫ አስገብተው በሩጫ አስወጧቸው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ቦታ ነው። በግንቦት 1929 ዓ.ም. ፋሽስቶች መነኮሳቱን የጨፈጨፉበት ታሪክ አለ። የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት ሥራዎች አሉ። ይህን ሁሉ ለማየት እዚያው ረጋ ብሎ መዋል ያስፈልጋል። የእድሩ እናቶች ጸበል ለመጠመቅ እንኳ ጊዜ አልተሰጣቸውም፤ አንዷ እያለቀሱ ነው መኪና ውስጥ የገቡት።

ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን በሙዝ እየጠሩ ፎቶ የሚያስነሱ አስጎብኚዎችም አሉ። ጭላዳ ሣር በል ነው፣ ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር አይገኝም። እባካችሁ አትመግቡት።

የመንገዱን ሰላም ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ባለፉት ዓመታት በዚህ መስመር እገታ እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን። «መንገዱ እንዴት ነው? ቢመሽብንስ?» ስትሉት «አታስቡ፣ ችግር የለም» ብቻ የሚላችሁ አዘጋጅ ከሆነ፣ ብራችሁን ያዙ። በደንብ የሚሠራ ሰው በዚያው ሳምንት ከፍቼና ከገብረ ጉራቻ ሰዎች ደውሎ ይጠይቃል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅም ይመልሳችኋል።

ክፍያውን በተመለከተ፣ በግለሰብ ስም ባለ ቴሌብር ወይም የባንክ ሂሳብ አታስገቡ። የንግድ ፈቃዱን ፎቶ፣ ደረሰኝና የሰዓት ፕሮግራሙን በጽሑፍ ጠይቁ፤ «ጎሐ ጽዮን ስንት ሰዓት እንደርሳለን?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ብዙውን ነገር ይገልጠዋል። ቀኑንም እዩ። ወር በገባ በ24፣ በተለይ ታኅሣሥ 24 እና ነሐሴ 24፣ እንዲሁም ግንቦት 12 ገዳሙ በምዕመናን ይሞላል። ለመሳለም ከሆነ የሚመረጥ ቀን ነው፤ ለሽርሽር ከሆነ ግን ቀኑን መንገድና ወረፋ ይበላዋል።

አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ዓባይን ለሌላ ጊዜ ተዉት። ደብረ ሊባኖስንና የፖርቱጋል ድልድይን ብቻ ይዛችሁ በጠዋት ኑ፣ ሳይመሽ ተመለሱ። ገደሉ ዜጋ ወደም ቢባልም ውበቱ አይጎድልም። ዓባይን ማየት የሚፈልግ ፍቼ ወይም ጎሐ ጽዮን አድሮ በማለዳ ይውረድ።

አክስቴና እድርተኞቿ ገንዘባቸውን ሲጠይቁ «ቅድሚያ ክፍያ አይመለስም» ተባሉ። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው፤ አሳሳች ማስታወቂያም የተከለከለ ነው። እነሱም ማስታወቂያውን፣ ገንዘብ የላኩበትን ማረጋገጫና የተነሱትን ፎቶ ይዘው ለንግድ ጽሕፈት ቤት አመልክተዋል። ማስታወቂያው በማግስቱ ከቻናሉ ጠፍቷል፤ ደግነቱ አንዷ ቀድማ ስክሪንሾት አንስታው ነበር። እናንተም የከፈላችሁበት ካለ ሳያጠፉት ዛሬውኑ አንሱት።